የተበታተነ ክሬዲት ይዞ ዲግሪ መጨረስ፦ የአሜሪካው ጀነራል ስተዲስ እንዴት ነው የሚሠራው?

አሜሪካ ባለ ሐበሻ ቤት ውስጥ ያልተጨረሰ ትምህርት የተለመደ ነገር ነው። አንዱ ሁለተኛ ዓመት ዩኒቨርሲቲ እያለ ዲቪ ደርሶት የመጣ ነው። ሌላዋ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ የነርሲንግ ወረፋ ስትጠብቅ ልጅ ወለደች። ሌላው አይቲ ጀመረ፣ ወደ አካውንቲንግ ዞረ፣ በመጨረሻ «ትራክ ይሻላል» ብሎ ሄደ። ትራንስክሪፕታቸው ሲሰበሰብ የዲግሪውን ግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ተምረዋል። ችግሩ የተማሩት ነገር አንድ ሜጀር፣ ማለትም አንድ ዋና የትምህርት ዘርፍ፣ ውስጥ አለመግባቱ ነው።

ለእንዲህ ዓይነት ሰው የሚሆን ዲግሪ አለ። ጀነራል ስተዲስ ይባላል። ሌላ ቦታ ሊበራል ስተዲስ ወይም ኢንተርዲሲፕሊናሪ ስተዲስ ይሉታል። ቨርጂኒያ ያለው ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ኢንዲቪጁዋላይዝድ ስተዲ የሚለው አለው። ስሙ ይለያያል እንጂ ሐሳቡ ተቀራራቢ ነው፤ አንድ ሙያ ላይ ከማተኮር ይልቅ ከተለያዩ ዘርፎች የተወሰዱ ኮርሶችን አንድ ላይ አድርጎ የመጀመሪያ ዲግሪ ይሰጣል።

ስለዚህ ዲግሪ ሁለት ወሬ ይሰማል። አንዱ «ያለህን ክሬዲት ሰብስበህ ትሰጣቸዋለህ፣ ዲግሪ ይሰጡሃል» ይላል። ሌላው «የማይረባ ወረቀት ነው» ይላል። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ዲግሪው ለቀቅ ያለው ምን ትማራላችሁ በሚለው ላይ ብቻ ነው። ኮርሱ ስንተኛ ደረጃ ነው፣ ስንቱን እኛ ጋ ወሰዳችሁ፣ በምን ውጤት አለፋችሁ የሚሉት ላይ እንደ ማንኛውም ዲግሪ ጥብቅ ነው። ሰው ገንዘብና ጊዜ የሚያጣው ይህን ሳያይ ሲመዘገብ ነው።

መቶ ሃያ ክሬዲት፣ ግን የትኞቹ?

የአሜሪካ የመጀመሪያ ዲግሪ አብዛኛውን ጊዜ 120 ክሬዲት ነው። ዓመቱን በሴሚስተር ሳይሆን በኳርተር የሚከፍሉት ትምህርት ቤቶች 180 ይላሉ፤ ልኩ አንድ ነው። መደበኛ ኮርስ 3 ክሬዲት አለው። በሳምንት 3 ሰዓት ክፍል፣ 6 ሰዓት ያህል ደግሞ ቤት ውስጥ ንባብና ሥራ ማለት ነው። ይህን የምለው ሥራ እየሠራችሁ ለምትማሩ ነው። ሁለት ክላስ መውሰድ «በሳምንት ሁለት ማታ» አይደለም፤ 18 ሰዓት ነው።

መቶ ሃያው በሦስት ይከፈላል። የመጀመሪያው ሁሉም ተማሪ የሚወስደው የጋራ ትምህርት ነው፤ ጀነራል ኤጁኬሽን ወይም ባጭሩ ጀን ኤድ ይሉታል። የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ ከነላቦራቶሪው፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ሥነ ጥበብና ታሪክ እዚህ ይገባሉ። እንደ ትምህርት ቤቱ ከ30 እስከ 40 ክሬዲት አካባቢ ይወስዳል። እዚህ ላይ ጀነራል ስተዲስም ቅናሽ አያደርግም። ሒሳብን ሸሽቶ ወደዚህ ዲግሪ የሚመጣ ሰው ሒሳብ በሩ ላይ ቆሞ ያገኘዋል። ደግነቱ ካልኩለስ አይደለም፤ ብዙ ቦታ ስታቲስቲክስ ይበቃል።

ሁለተኛው ክፍል የሜጀርን ቦታ የሚተካው ነው። አንዳንዱ ትምህርት ቤት ሁለት ወይም ሦስት ዘርፍ አስመርጦ ከየዘርፉ የተወሰነ ክሬዲት ይጠይቃል። ሌላው አንድ ትልቅ ርዕስ አስቀርጾ በዚያ ዙሪያ ኮርስ ያስመርጣል። ሦስተኛው ክፍል ኢለክቲቭ ነው፤ የፈለጋችሁትን የምትሞሉበት። የተበታተነው የድሮ ክሬዲት አብዛኛው ማረፊያው እዚህ ነው። አንድ ነርሲንግ ወይም ኢንጂነሪንግ ተማሪ ኢለክቲቩ በጣም ጥቂት ነው። ጀነራል ስተዲስ ግን ሰፊ ቦታ ይተዋል። ለቀቅ ያለ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሰው የማያየው መስመር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። የላይኛ ደረጃ ኮርስ ይባላል። በ100ና በ200 የሚጀምር ቁጥር ያለው ኮርስ የታችኛው ደረጃ ነው፤ በ300ና በ400 የሚጀምረው የላይኛው። ማንኛውም ባችለር ዲግሪ የተወሰነ የላይኛ ደረጃ ክሬዲት ይጠይቃል፤ ብዙ ቦታ ከ30 እስከ 45። ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ውስጥ የሚሰጡ ኮርሶች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም የታችኛው ደረጃ ናቸው። መቶ ክሬዲት ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ብትሰበስቡም ይሄኛው መስመር ባዶ ሆኖ ይቀራል።

እንዲያውም ጀነራል ስተዲስ እዚህ ላይ ከሌላው የሚከብድበት ቦታ አለ። አን አርበር ያለው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ባችለር ኢን ጀነራል ስተዲስ 60 የላይኛ ደረጃ ክሬዲት ይጠይቃል፤ የዲግሪውን ግማሽ። ከአንድ ዘርፍ ደግሞ ከ20 በላይ አይቆጥርም። የውጭ ቋንቋ ግዴታውን አንስቶላችኋል፣ ሜጀርም አያስመርጥም፤ በምትኩ ግን በብዙ ዘርፍ ጠለቅ ብላችሁ እንድትገቡ ያስገድዳል። ይህን አይቶ «ቀላል ዲግሪ» የሚል ካለ ኮርሶቹን ይሞክራቸው።

ሌላው መስመር ሬዚደንሲ ይባላል። ከመኖሪያ አድራሻ ጋር አይገናኝም። ዲግሪውን ከሚሰጠው ትምህርት ቤት ራሱ መውሰድ ያለባችሁ የክሬዲት መጠን ነው። የተለመደው ሩብ ነው፤ ከ120ው 30። ለምሳሌ ሜሪላንድ ያለው ዩኒቨርሲቲ ኦቭ ሜሪላንድ ግሎባል ካምፓስ፣ እስከ 2019 ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ይባል የነበረው፣ እስከ 90 ክሬዲት ከውጭ ተቀብሎ 30ውን ከራሱ ያስወስዳል። ከሁለት ዓመት ኮሌጅ የሚመጣው ላይ ደግሞ የ70 ጣሪያ አለው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ለሥራ ሰው ተብለው የተቋቋሙ ሦስት ትምህርት ቤቶች ከዚህም በላይ ይለቃሉ፦ ኒው ጀርሲ ያለው ቶማስ ኤዲሰን ስቴት፣ ኒው ዮርክ ያለው ኤክሴልሲየር እና ኮነቲከት ያለው ቻርተር ኦክ ስቴት። ከራሳቸው የሚጠይቁት በጣም ጥቂት ኮርስ ነው። ክሬዲታችሁ ብዙ ከሆነና ከአምስት ቦታ የመጣ ከሆነ መጀመሪያ እነሱን እዩ እላለሁ።

ጂፒኤ ላይ ብዙ የሚባል የለም። ለመመረቅ 2.0 ይበቃል። ከሌላ ትምህርት ቤት የሚመጣ ኮርስ ግን አብዛኛውን ጊዜ ሲ ወይም ከዚያ በላይ መሆን አለበት። ክሬዲቱ ይዛወራል፣ ውጤቱ አይዛወርም፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ጂፒኤን ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ድሮ ያበላሸ ሰው እዚህ ላይ እፎይ ይበል።

አንድ ስሌት እንሥራ

እንበልና አንዲት ሴት አለች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ባዮሎጂ ሁለት ዓመት ተምራ ነው የመጣችው። ሲመዘን 48 ክሬዲት ሆነላት። ሜሪላንድ ውስጥ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ገብታ 34 ጨመረች። ድምሩ 82። ከዚህ ውስጥ ግን 7ቱ ድግግሞሽ ነው፤ አገር ቤት የወሰደችውን የሳይኮሎጂ መግቢያና አንድ የባዮሎጂ ኮርስ እዚህ ደግማዋለች። አንድ ኮርስ ሁለት ጊዜ አይቆጠርም። 75 ሆነ።

የምትገባበት ትምህርት ቤት ጠቅላላ 120፣ የላይኛ ደረጃ 36፣ ከራሱ 30 ይጠይቃል እንበል። 45 ይቀራታል። ያላት ክሬዲት በሙሉ የታችኛው ደረጃ ስለሆነ ከ45ቱ ውስጥ 36ቱ የላይኛ መሆን አለባቸው። ጀን ኤድ ላይ ደግሞ ሦስት ኮርስ ጎድሏታል፦ ስታቲስቲክስ፣ ሁለተኛው የጽሑፍ ኮርስና አንድ የሥነ ጥበብ። እሱ 9 ነው። 36 እና 9፣ 45። ልክ ገጠመ።

አሁን ይቺው ሴት ከመዛወሯ በፊት «እዚህ ርካሽ ነው» ብላ ኮሚዩኒቲ ኮሌጁ ውስጥ ሁለት ኢለክቲቭ ጨመረች እንበል። 81 ሆነላት። 39 ብቻ የቀራት ይመስላል። አይደለም። 36ቱም 9ኙም እንዳሉ ናቸው፤ አሁንም 45 ትወስዳለች። በ126 ትመረቃለች። ሁለቱ ክላሶች አንድ ቀን አላሳጠሩላትም። እነዚያን ሁለት ክላሶች ስታቲስቲክስና የጽሑፍ ኮርስ አድርጋቸው ቢሆን ኖሮ ግን 6 ክሬዲት በርካሽ ጨርሳ 39 ብቻ ይዛ ትሻገር ነበር።

ሰው ከአድቫይዘር ጋር ሲነጋገር «ስንት ክሬዲቴን ትቀበላላችሁ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። «ሁሉንም» ሲሉት ይደሰታል። ትክክለኛው ጥያቄ «እነዚህ ክሬዲቶች የትኛውን መስመር ይሞሉልኛል?» ነው። መቀበልና ቦታ መሙላት የተለያዩ ናቸው። ሁሉም ኢለክቲቭ ውስጥ ተከምሮ ጀን ኤዱም የላይኛ ደረጃውም ባዶ ሊሆን ይችላል።

ከአገር ቤት የመጣው ትራንስክሪፕት

የኢትዮጵያ ትራንስክሪፕት በቀጥታ አይገባም። መዛኝ ድርጅት ማለፍ አለበት። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ናሴስ በሚባለው ማኅበር ውስጥ ያለ መዛኝ ይፈልጋሉ፤ ወርልድ ኤጁኬሽን ሰርቪስስ፣ ማለትም ብዙው ሐበሻ ዌስ የሚለው፣ አንዱ ነው። ከማስመዘናችሁ በፊት የምትገቡበት ትምህርት ቤት የትኛውን እንደሚቀበል ጠይቁ። የምዘናው ዓይነትም ይለያያል። «ይህ ሰው ሁለት ዓመት ተምሯል» ብቻ የሚለው ርካሹ ነው፣ ግን ለዝውውር አይጠቅምም። የሚያስፈልጋችሁ ኮርስ በኮርስ የሚለው ነው፤ እያንዳንዱን ኮርስ ከነክሬዲቱና ከነውጤቱ ያወጣል።

ቁጥሩ እንዳያስደነግጣችሁ። በሞጁላር ሥርዓት ውስጥ የተማረ ሰው ትራንስክሪፕት ላይ ኢሲቲኤስ የሚለው አውሮፓዊ ልኬት ሊኖር ይችላል። የአንድ ዓመት ሙሉ ትምህርት በዚያ 60 ነው፤ በአሜሪካው 30። ስለዚህ 120 ኢሲቲኤስ ያለው ሰው ዲግሪ ጨርሷል ማለት አይደለም፤ ግማሽ ላይ ነው።

አገር ቤት የወሰዳችሁት ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ የጽሑፍ ኮርሱን ላይተካ ይችላል፤ ብዙ ቦታ እዚህ እንድትወስዱት ይጠይቃሉ። እዚህ የተወሰደ የእንግሊዝኛ ቋንቋ መማሪያ ክላስና ከ100 በታች ቁጥር ያለው ማካካሻ ሒሳብም አብዛኛውን ጊዜ ለዲግሪው አይቆጠሩም፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ቁጥር ተጽፎባቸው ብታዩም። የኮርስ አውትላይን ካላችሁ ግን አትጣሉ። ሬጅስትራር ቢሮው «ይህ ከእኛ ኮርስ ጋር አይመሳሰልም» ሲላችሁ የምታሳዩት እሱን ነው። አገር ቤት ያለ ጓደኛ ዲፓርትመንት ሄዶ ፎቶ አንስቶ ቢልክላችሁም ይጠቅማል።

ዲግሪ ጨርሳችሁ የመጣችሁ ከሆነ ደግሞ ቆም በሉ። በመጀመሪያ አስመዝኑት። ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል ነው ከተባለ ሁለተኛ ባችለር፣ ያውም ጀነራል ስተዲስ፣ ምን ሊያደርግላችሁ ነው? ማስተርስ ነው መሄጃው። የሦስት ዓመት ዲግሪ ላይ ግን መዛኞች ሁልጊዜ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጡም።

ሳይማሩ የሚገኝ ክሬዲት

ሳይማሩ ማለቴ ክፍል ሳይገቡ ነው። ኮሌጅ ቦርድ የሚያዘጋጀው ክሌፕ የሚባል ፈተና አለ። አንዱ ፈተና ወደ 100 ዶላር ይጠጋል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፣ ከ20 እስከ 80 ባለው መለኪያ 50 ያመጣ ሰው ብዙ ቦታ 3 ክሬዲት ወይም ከዚያ በላይ ያገኛል። ሞደርን ስቴትስ የሚባል በጎ አድራጎት ድርጅት ደግሞ በነጻ አስጠንቶ የፈተናውን ክፍያ ይሸፍናል። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር በነጻ መሰጠቱን ብዙ ሰው አያምንም። ግን እውነት ነው። ልብ በሉ፤ ክሌፕ በአብዛኛው የታችኛው ደረጃ ነው የሚቆጠረው። ጀን ኤድ ይሞላል፣ ቅድም ያየናቸውን 36 የላይኛ ደረጃ ክሬዲቶች አይነካም።

እኛን በቀጥታ የሚመለከት ሌላም አለ። አክትፍል የሚባለው የቋንቋ መምህራን ማኅበር በሚሰጠው የቃል ፈተና ከሚካተቱት ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። አሜሪካን ካውንስል ኦን ኤጁኬሽን የሚባለው የኮሌጆችና የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር ለዚህ ፈተና ክሬዲት እንዲሰጥ ምክር አውጥቷል፤ ውጤቱ ከፍ ካለ የላይኛ ደረጃም ሊኖርበት ይችላል። ምክር ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። አፍ በፈታበት ቋንቋ ለተፈተነ ሰው ክሬዲት የማይሰጡ ትምህርት ቤቶች አሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ።

ገንዘቡ

ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ቅጽ ሞልቶ፣ ገቢው ዝቅ ካለ፣ ፔል ግራንት ያገኛል። የማይመለስ ገንዘብ ነው። በ2025–26 የትምህርት ዘመን ትልቁ መጠን 7,395 ዶላር ነው። ዕድሜ ልክ የሚሰጠው ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ሜጀር እየቀያየረ ብዙ ዓመት የቆየ ሰው ከፊሉን በልቶታል።

ሐበሻን የሚይዝ አንድ ሕግ አለ። ፔል ባችለር ላለው ሰው አይሰጥም። የውጭ አገር ባችለርም ይቆጠራል፤ እዚህ ሥራ አላስገኘልኝም ማለት አያድንም። ትምህርት ቤቱ የውጩ ዲግሪ ከአሜሪካ ባችለር ጋር እኩል አይደለም ብሎ በሰነድ ከወሰነ ብቻ መንገድ ይከፈታል። ቅጹ ላይ ዲግሪ የለኝም ብሎ መሙላት ግን የፌዴራል ቅጽ ላይ መዋሸት ነው። «ማን ያውቃል» የሚሉ ሰዎችን አትስሙ።

ሌላው፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚከፍለው ለዲግሪያችሁ ለሚቆጠር ኮርስ ብቻ ነው። ጀነራል ስተዲስ ውስጥ ኢለክቲቩ ሰፊ ስለሆነ ይህ መጀመሪያ ላይ አይሰማም። ኢለክቲቩ ሲሞላ ግን የሚቀጥለው «ደስ የሚል ክላስ» ከኪስ ነው።

ወረቀቱ የቱን በር ይከፍታል?

ማስታወቂያው «ባችለር ዲግሪ» ብሎ ካቆመ ይከፍታል። የፌዴራል መንግሥት ውስጥ ብዙ የአስተዳደር ሥራዎች ጂኤስ 5 በሚባለው የፌዴራል የደመወዝ ደረጃ በማንኛውም ዘርፍ ባችለር ያስገባሉ። በየመሥሪያ ቤቱ «ሱፐርቫይዘር ለመሆን ዲግሪ ያስፈልጋል» ተብሎ ዓመታት ለቆመ ሰው ይሠራል። ሶሻል ወርክን ጨምሮ ከየትኛውም ዘርፍ የመጣ ተማሪ የሚቀበሉ ማስተርሶች አሉ። ነርስ መሆን የሚፈልግ ሰውም በማንኛውም ዘርፍ ባችለር ኖሮት የአናቶሚና መሰል ቅድመ ኮርሶችን ካሟላ፣ ከዓመት እስከ ዓመት ተኩል ወደሚፈጀው የተፋጠነ የነርሲንግ ፕሮግራም ማመልከት ይችላል። ይሄኛው መንገድ ብልህነት ነው ባይ ነኝ፤ ኢለክቲቩን በነዚያ ቅድመ ኮርሶች መሙላት ይቻላልና። የሳይንስ ኮርሶቹ እዚያ የዕድሜ ገደብ ስላላቸው ግን ከአሥር ዓመት በፊት የተወሰደ አናቶሚ ላይቀበሉት ይችላሉ።

ሥራው የሚጠይቀው ዘርፍ በስም ከተጻፈ አይከፍትም። ኢንጂነር፣ ፋርማሲስት አያደርግም። የፌዴራል አካውንታንት ለመሆን 24 የአካውንቲንግ ክሬዲት ያስፈልጋል፤ ማንኛውም ዲግሪ ይዞ መምጣት አይበቃም። በተማሪ ቪዛ ላይ ላለ ሰው ደግሞ ምክሬ አጭር ነው፤ አትግቡበት። ኤች ዋን ቢ የሚባለው የሥራ ቪዛ ዲግሪው ከሥራው ጋር በቀጥታ እንዲገናኝ ይጠይቃል፣ አጠቃላይ ዲግሪ እዚያ ላይ ደካማ ነው። ተመልሶ ኢትዮጵያ ለመሥራት የሚያስብም ያስብበት። የአገር ቤት የሥራ ማስታወቂያ «በማኔጅመንት፣ በኢኮኖሚክስ ወይም ተዛማጅ መስክ» ነው የሚለው፤ ጀነራል ስተዲስ የምን ተዛማጅ እንደሆነ ለሰው ሀብት ክፍሉ ማስረዳት የእናንተ ሥራ ይሆናል።

ለዚህም ነው ለአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ይህን ዲግሪ የማልመክረው። ምንም ክሬዲት ሳይኖረው ከዜሮ የሚጀምር ልጅ ሌላ ሜጀር ይዞ በዚያው ልክ መመረቅ ይችላል። አርባ ዓመት ሆኖት፣ 80 ክሬዲት ይዞ፣ ሥራው ላይ ዲግሪ ብቻ የጎደለው ሰው ግን ሌላ ነው። እሱ አዲስ ሜጀር ቢጀምር ግማሹን ይጥላል።

ከመመዝገባችሁ በፊት ትምህርት ቤቱ እውቅና እንዳለው የአሜሪካ ትምህርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ አረጋግጡ። በኢንተርኔት «በሦስት ወር ዲግሪ» የሚሉት ወረቀት ሻጮች ናቸው፤ የትም አይቆጠርም። ከዚያ ትራንስክሪፕታችሁን በሙሉ ልካችሁ ዲግሪ ኦዲት የሚባለውን ሰነድ ጠይቁ። የትኛው ክሬዲት የትኛውን መስመር እንደሞላ፣ የቀረው ምን እንደሆነ በአንድ ገጽ ላይ ያሳያል። የትምህርት ቤቱ የዲግሪ መስፈርት የሚጻፍበት ካታሎግ በየዓመቱ ይለወጣል፤ እናንተን የሚገዛችሁ አብዛኛውን ጊዜ የተመዘገባችሁበት ዓመት ካታሎግ ስለሆነ ፒዲኤፉን አውርዱት። አድቫይዘሩ በስልክ ቃል የገባላችሁ ነገር ካለ በኢሜይል እንዲደግመው አድርጉና ኢሜይሉን አስቀምጡ። ለመመረቅ ስታመለክቱ ያ አድቫይዘር ሥራ ቀይሮ ሊሆን ይችላል።